ቃል የሰጠ ይቆማል

በዚህች ዓለም ብረት ከሰማይ ይወርዳል። ቀልዴን እንዳይመስላችሁ። ትልልቆቹ ዓለማት ያረጀ መርከባቸውን፣ የዛገ ታንካቸውንና የተሰነጠቀ ቧንቧቸውን የሚጥሉበት ሲያጡ ወደዚህ ይልኩታል። ጫኝ መርከቦቹ በወር ሁለቴ ይመጡና ከላይ ሆነው ሆዳቸውን ከፍተው ይገለብጡታል። የአገሩ ሰው ይህን ነገር "ውርጅብኝ" ይለዋል። ሳይረን ሲጮህ ሁሉም ቤቱ ይገባል፣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሳህን ከመደርደሪያ ይወድቃል፣ አቧራው ሲረጋ ደግሞ ሁሉም መዶሻውን አንጠልጥሎ እየተሳሳቀ ይወጣል። እዚህ የተወለደ ሰው ሌላ ሥራ አያውቅም፤ የወደቀውን ይለቅማል፣ ይፈታል፣ ይቆርጣል። በሩም፣ አልጋውም፣ ሻይ የሚጠጣበት ኩባያም የሌላ ሰው ውዳቂ ነው፤ ይህንንም ማንም እንደ ነውር አይቆጥረውም።

ከወደቀው ሁሉ ክፉው የተዘጋ ታንክ ነው። ባዶ ከሆነ ሲሳይ ነው፤ ብረቱ ወፍራም፣ ንጹህ። ውስጡ ጋዝ ታፍኖ ከቀረ ግን እሳት ሲነካው ቆራጩንም፣ ከቆራጩ ጎን የቆመውንም ይዞ ይሄዳል። ባዶውን ከሙሉው የሚለይ መሣሪያ አለ ይባላል፤ እዚህ የሚወድቀው ግን ተሰብሮ ነው፣ ባይሰበርማ ማን ይጥለዋል! ስለዚህ አንኳኪ አለ። አንኳኪ ማለት ታንኩን ራሱን፣ ሆዱንና ጭራውን በመዶሻ አንኳኩቶ፣ ጆሮውን ለጥፎ አዳምጦ፣ "ይቆረጥ" ወይም "አይቆረጥ" የሚል ሰው ነው። ባዶ ብረት ሲመቱት ድምፁ ረጅም ነው፣ መጨረሻው እየቀጠነ እየቀጠነ ይሄዳል። የታፈነ ብረት ግን አጭር መልስ ይሰጥና ዝም ይላል።

አንድ ሕግ ደግሞ አለ፤ ከሕጎቹ ሁሉ የሚከበረውም እሱ ነው። ቃል የሰጠ ይቆማል። "ይቆረጥ" ያለ አንኳኪ የመጀመሪያው ቁራጭ ከታንኩ እስኪለይ ድረስ እጁን ቆራጩ ትከሻ ላይ አድርጎ ይቆማል። ሌላው ሰው ሁሉ አርባ እርምጃ ርቆ ከነጩ መስመር ወዲያ ነው። አፍ ዳገት አይፈራም ይባል የለ? ይህ ሕግ የወጣው ለዚህ ነው፤ አፍህ ዳገት ከወጣ እግርህም አብሮ ይውጣ ነው ነገሩ።

እንግዲህ የምነግራችሁ ሴት ሠላሳ ዓመት እንዲህ ስትቆም የኖረች አንኳኪ ናት። ስሟን የሚጠራ የለም፤ ከግቢው አለቃ እስከ ዳቦ ሻጩ "እትዬ ጆሮ" ነው የሚሏት። አጭር ናት፣ ክንዷ የወንድ ክንድ ነው፣ ከሳቀች ደግሞ ሰፈሩ ይሰማል። አባቷም አንኳኪ ነበር። አንድ ቀን ተሳሳተ፤ ከቆራጩ ጋር አብሮ ሄደ፤ ቃሉ ላይ ቆሞ ስለነበር ግን አንድም ሰው በክፉ አላነሳውም። ያኔ እሷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ ታናሽ እህቷ ደግሞ ስድስት። መዶሻውን አነሳች፣ እህቷን አዝላም ጎትታም አሳደገች፣ ስታድግም የእሳት መቁረጫ አስጨበጠቻት። ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ አብረው ነው የሚሠሩት፤ ትልቋ ታንኳኳለች፣ ትንሿ ትቆርጣለች። ትንሿ ትከሻ ላይ ያንን ወፍራም እጅ ሳታገኝ አንድም ቀን እሳት አልለኮሰችም፤ ቢያንስ እትዬ ጆሮ የምታውቀው እንደዚያ ነበር።

ባሏ ውሃ አመላላሽ ነው፣ ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ ላይ በርሜል ጭኖ የሚዞር። ለስለስ ያለ፣ ለማንም ክፉ የማይናገር ረጅም ሰው። የተገናኙት በበርሜል ነው። በርሜሌ ያንጠባጥባል፣ የት እንደተቀደደ አዳምጪልኝ ብሎ መጣ። አንኳኳችለትና "በርሜሉስ ደህና ነው፤ ጭንቅላትህን ላንኳኳልህ?" አለችው። በማግስቱም ያንኑ በርሜል ይዞ መጣ፤ በሦስተኛው ቀን በርሜሉንም ረሳው። ከተጋቡ በኋላ ብረት ማዳመጥ ልታስተምረው ብዙ ደክማለች። እሁድ እሁድ ደጃፋቸው ላይ ቁርጥራጭ ደርድራ እያንኳኳች "ስማ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ፣ የድምፁን ጭራ ስማ!" ትለዋለች። እሱ ራሱን ይነቀንቃል። "ለእኔ ሁሉም ቋ ነው" ይላል። እሷም ለጎረቤት "የእኔ ባል ጆሮው ለጌጥ ነው" እያለች ትስቅበታለች።

ከሦስት ዓመት ወዲህ እትዬ ጆሮ አንድ ነገር እየከነከናት ነበር። ብረቱ ተለወጠባት። "የዘንድሮ ብረት ደንዝዟል" ትላለች። "ድሮ አንዴ ስትመታው ያጫውትሃል። አሁን ምን እየቀላቀሉበት እንደሆነ እንጃ፣ ጭራ የለውም።" ሰዉም "እውነትሽን ነው፣ እትዬ" ይላታል። አለቃውም "የአሁኑ ሁሉ ቅይጥ ነው" ይላል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ከእሷ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። ሰው ሲያናግራት ትሰማለች፣ እዚያ ሰፈር ሁሉም የሚያወራው እየጮኸ ስለሆነ። የጠፋባት ያ የሚቀጥነው የብረት ድምፅ ብቻ ነው። ሙያዋ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ነገሩ የፈነዳው በጎረቤቷ ነው። ይህች ጎረቤት ከመርከብ ወንበር ሽፋን የሥራ ሽርጥ የምትሰፋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰፈሩ "ሬዲዮ" ይላታል፣ ተከፍታ ስለማትዘጋ። አንድ ቀን፣ ውርጅብኝ ከወረደ ጥቂት ቆይቶ፣ መርፌዋን ከንፈሯ ላይ እንደያዘች መጥታ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች።

"እትዬ፣ እኔ ወሬ አልወድም፤ ታውቂኛለሽ።"

"አንቺና ወሬ!" እትዬ ጆሮ ሳቀች።

"ሳቂ፣ ሳቂ። የባልሽ ጋሪ ግን በውርጅብኝ ማግስት ጎህ ሲቀድ ከእህትሽ መሥሪያ ጀርባ ምን ይሠራል? የውሃው ቧንቧ እኮ ገና አልተከፈተም። ሦስቴ አየሁት በእነዚህ ዓይኖቼ። እኔ ምንም አላልኩም።"

"ምንም ካላልሽ ለምን ትጮሂያለሽ?"

"ላንቺ ነዋ የምጮኸው!" አለች ሬዲዮ። ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች፤ ሽርጥ ልትሰፋ እንደቸኮለች ተናግራ ሄደች።

እትዬ ጆሮ ያን ቀን ሾርባው አልወርድ አላት። እህቷ ባል የላትም፣ ቆንጆ ናት፣ ሳቂታ ናት። ባሏ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ዳቦውን እየነከረ ይበላል። "ምነው፣ አሞሻል እንዴ?" አላት። "ምንም አልሆንኩም" አለችው። በእጇ ያሳደገቻት እህቷና ሃያ አምስት ዓመት አብሯት የተኛ ሰው! ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይኼ ነው ብላ ልቧ ድብን አለ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጋሪውን እየገፋ ሲወጣ የተኛች መሰለች። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን ሳታጠልቅ በባዶ እግሯ ተከተለችው። ወደ ውሃው አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ እህትማማቾቹ ወደሚሠሩበት ሜዳ ሄደ፤ እሷም ከተቆለሉ አሮጌ ወንበሮች ኋላ ተሸሸገች። እህቷ ጣሳ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀው ነበር። ተያዩ። አልተቃቀፉም። ባሏ ጋሪውን አቆመና ከበርሜሎቹ መሃል መዶሻ አወጣ፤ ከሦስት ዓመት በፊት ጠፋብኝ ብላ ስታነባ የከረመችበትን የድሮ መዶሻዋን።

ትናንት የወደቁ ሦስት የተዘጉ ታንኮች ነበሩ። ወደ መጀመሪያው ሄደ። ራሱን አንኳኳ፣ ሆዱን አንኳኳ፣ ጭራውን አንኳኳ። ጆሮውን ለጠፈ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ልክ እሷ እንደምትጨፍነው፣ አገጩንም ልክ እሷ እንደምታደርገው ወደ ግራ አዘነበለ። ከዚያ ከኪሱ ቀይ ሽቦ አውጥቶ ከታንኩ ሥር፣ ሊቆርጥ የተንበረከከ ሰው ብቻ በሚያየው ቦታ ላይ አሠረ። ሁለተኛውን አንኳኳ፤ እዚያ ላይ ትንሽ ቆየ፣ ሽቦ ግን አሠረ። ሦስተኛው ላይ ራሱን ነቀነቀና ሳያስር አለፈ። እህቷ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ፣ ደረቷን ነፍታ፣ "አ-ይ-ቆ-ረ-ጥ!" የሚል አፍ ሠራች፣ የእትዬ ጆሮን አፍ። ሁለቱም ሳቁ።

ክው ብላ ቀረች። ምነው ውሽሞች በሆኑልኝ አለች በሆዷ። ውሽማ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምታደርግ ታውቀዋለች፤ የእሷን ፀጉር ትነጫለች፣ የእሱን በርሜል ትበሳለች፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ይለቀሳል፣ ያልፋል። ይህንን ግን ማን ይዳኘዋል? ሴትዮዋ ባሏን ልትይዝ ሄዳ ከመዶሻዋ ጋር ተያየች።

ቤት ተመልሳ ፊቷን ታጠበች። በሥራ ሰዓት እንደ ወትሮዋ መዶሻዋን ይዛ ሄደች። እህቷ "እንዴት አደርሽ፣ እትዬ!" ብላ ጉንጯን ሳመቻት። እትዬ ጆሮ ወደ መጀመሪያው ታንክ ሄዳ አንኳኳች፣ ጆሮዋን ለጠፈች። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብረቱን ሳትሰድብ አዳመጠች። ቋ። ሁሉም ቋ። መዶሻውን ሽርጧ ውስጥ ሸጎጠችው።

"አይቆረጥ" አለች፣ ሆን ብላ።

"እሺ፣ እትዬ" አለች እህቷ፣ ቅር ሳይላት፣ ቀና ብላም ሳታያት። ታንኩ ላይ በኖራ የመስቀል ምልክት አደረገች።

"እግሬን አሞኛል፣ ቤት ደርሼ ልምጣ" ብላ እትዬ ጆሮ ሄደች። ከወንበሮቹ ኋላ ዞራ እስከ መቶ ቆጠረች። ስትመለስ እሳቱ ተለኩሷል። እህቷ ተንበርክካ ያንኑ ታንክ ትቆርጣለች፤ ትከሻዋ ላይ የማንም እጅ የለም፤ ከታንኩም አንድ ቁራጭ ተለይቶ መሬት ላይ እየጨሰ ነው።

እትዬ ጆሮ ሄዳ ያንን ወፍራም እጇን ትከሻዋ ላይ አኖረችው። እህቷ ማን እንደሆነ ሳታይ አወቀች። እሳቱን አጠፋች፤ መነጽሯን ለማውለቅ ግን ጊዜ ወሰደባት።

"ቃሌን ሰማሽኝ?" አለች እትዬ ጆሮ።

"እትዬ..."

"ሰምተሽኛል ወይ ነው የምልሽ!"

"ሰምቼሻለሁ።"

"ስንት ጊዜ ነው እንዲህ የሰማሽኝ?"

እህቷ እንደ ሕፃን አለቀሰች። "ሦስት ዓመት ሆነው" አለች። "ያኔ ይቆረጥ ብለሽ፣ መሸብን ብዬ ያሳደርኩት ታንክ ትዝ ይልሻል? በሳምንቱ ማንም ሳይነካው ፈነዳ። ፀሐይ ነው አልንሽ። ፀሐይ አልነበረም። አባባን ቀብሬ አንቺን ልቅበር፣ እትዬ? እኔስ ልቀበር?"

"ደንቁረሻል በይኛ! አፍ የለሽም? አለቅስ ነበር፣ ከዚያ ሾርባዬን ጠጥቼ እተኛ ነበር። ማን ይሞታል በዚህ?"

"ብንነግርሽ ትተዪዋለሽ። ከተውሽው ደግሞ አለቃው ታንክ አይሰጠንም። ለእኔ እኮ አይደለም የሚሰጠው፣ ላንቺ ስም ነው።" አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አፍ አውጥቶ አይናገርም። ያንቺ እጅ ትከሻዬ ላይ ካለ ሕጉ ተከበረ ይላሉ።"

እንግዲህ ያኔ ነው ነገሩ ጥግ ድረስ የገባት። የደነቆረች መሆኗ አንጀቷን አልቆረጠውም፤ የሰው ልጅ ያረጃል። ያቃጠላት ሌላ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እሳት አጠገብ የቆመችው በራሷ ቃል ላይ መስሏት ነበር። ደረቷን ነፍታ ቆማለች፣ ሰውም "እትዬ ጆሮ ቆመች" ብሏል። የቆመችው ግን በሌላ ሰው ቃል ላይ ነው፤ ቃሉን የሰጠው ሰው ደግሞ በዚያ ሰዓት ሦስት ሰፈር ርቆ ውሃ ይቀዳል።

"እሱ ለምን አልቆመም?" አለች።

"ለመንኩት። ጋሼ፣ አንተ ከሰማህ አንተ ቁም፣ ለአለቃውም እንንገር አልኩት። 'እሷ ለምዳዋለች፣ ከነጠቅናት ልቧ ይሰበራል' አለኝ።" እህቷ ቀና ብላ አየቻት። "ላንቺ ብሎ ነው፣ እትዬ። ይወድሻል።"

"ጥሪው" አለች እትዬ ጆሮ።

ባሏ ሲመጣ የግቢው ሰው ግማሹ ተሰብስቦ ነበር፤ ሬዲዮም ከነመርፌዋ ከፊት ቆማለች። ባሏ ፊታቸውን አይቶ ጋሪውን ለቀቀው። "የእኔ እመቤት፣ ላስረዳሽ" አለ፣ በዚያ ለስላሳ አፉ። "ላንቺ ብዬ ነው፤ ዓይኔ እያየ..."

"አውቃለሁ፤ ነግራኛለች። ደግ ሰው ነህ" አለችው። መዶሻዋን ከሽርጧ አውጥታ ሰጠችው። ከዚያ የእህቷን ትከሻ በጣቷ ጠቆመች። "ያ ሁለተኛው ታንክ አለ። አንኳኳ። ቃልህን ስጥ፣ ከዚያም ቁም። እኔ አልቀየምህም፤ ከዛሬ ጀምሮ አንኳኪው አንተ ነህ።"

ይህን ብላ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። አርባ እርምጃ ሄደች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጩን መስመር ተሻግራ ከተመልካቹ ጋር ቆመች። ሰዉ ትንፋሹን ዋጠ እንዳልላችሁ፤ እንዲያውም ሁሉም አንድ ላይ ያወራ ነበር፣ "እሰይ፣ ደግ አደረገች" የሚልም ነበር።

ባሏ አንኳኳ። ራሱን፣ ሆዱን፣ ጭራውን። ጆሮውን ለጠፈ። እንደገና ከራሱ ጀመረ። እህቷ ተንበርክካ መቁረጫዋን ይዛ ትጠብቃለች፤ ከታንኩ ሥር ያለው ቀይ ሽቦ ከፊቷ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ አንኳኳ። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። እጁን ወደ ትከሻዋ ዘረጋ፤ ሊነካት ጣት ያህል ሲቀረው ቆመ፣ ተመለሰም።

"አይቆረጥ" አለ። ይህን እትዬ ጆሮ ከአፉ አነበበችው።

እህቷ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋች። ከታንኩ ሥር እጇን ሰዳ ሽቦውን ፈታችውና ፊቱ ላይ ያዘችው። "ጠዋት ይቆረጥ ብለህ አይደለም እንዴ ያሠርከው? ጋሼ፣ እኔና እትዬ እኮ ዛሬ እዚህ ቆመን ልንቆርጠው ነበር!"

እትዬ ጆሮ መስመሩን ተሻግራ መጣች፣ ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል። ባሏ ፊት ስትደርስ አልጮኸችም።

"በእነዚህ ሦስት ዓመታት" አለችው፣ "ሽቦ ካሠርክባቸው ውስጥ ያልተማመንክበት ስንቱ ነው?"

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። በጣም ዝቅ አድርጎ ተናገረ፤ ከኋላዋ ተከትለው የተጠጉት ግን ሰሙት መሰለኝ፣ ወሬው በአንዴ ቆመ። እሷ ግን አልሰማችውም። አንገቷን አስግጋ ጆሮዋን አቀረበችለት፤ አልደገመውም። ወደ እህቷ ዞረች።

"ምን አለ?"

እህቷ አፏን በእጇ ይዛ ነበር። እጇን አነሳችና፣ እያለቀሰች፣ ጆሮዋ ድረስ ጠጋ ብላ ጮኸችላት።

"አንዱንም እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም ነው ያለው፣ እትዬ!"

እትዬ ጆሮ ራሷን ነቀነቀች። የእህቷን እጅ ይዛ ወደ ቤት ሄደች።